እሳትና ውኃ፦ ነጻ ፈቃድ በክርስትና

በፋሲካ ሰሞን ካህኑ «አሰሮ ለሰይጣን» ሲሉ ምእመናኑ «አግዐዞ ለአዳም» ብለው ይቀበላሉ። ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው ማለት ነው። ሃምሳውን ቀን ስንደጋግመው እንከርማለን፤ ቃሉን ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። «አግዐዞ» እና «ግዕዛን» ሥራቸው አንድ ነው። ግዕዛን በግእዝ ነጻነት ነው። መምህራኑ ደግሞ ክፉና ደጉን ለይቶ የመምረጥን ችሎታም ግዕዛን ይሉታል። እንስሳት «ግዕዛን የላቸውም» ሲባል ይኼው ነው። በሬ ሰው ቢወጋ ኃጢአት አይሆንበትም።

እንግዲህ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ነጻነት አለ። አንዱ የመምረጥ፣ ሌላው ከእስራት የመፈታት። ክርስቲያኖች ለዘመናት የተከራከሩት በሁለቱ መካከል ነው፦ የታሰረ ሰው መምረጥ ይችላል?

ይችላል የሚሉት ቶሎ የሚጠቅሱት መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15ን ነው። እግዚአብሔር እሳትና ውኃን በሰው ፊት አኑሯል፤ ሰውም እጁን ወደ ወደደው ይሰዳል ይላል። በኛ አገር ሲራክ ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ስለሆነ ጥቅሱ ከሰባኪ አፍ አይጠፋም። የሥነ ፍጥረት ትምህርታችንም ያግዘዋል። እግዚአብሔር መላእክትን ፈጥሮ ተሰወረባቸው። ሳጥናኤል ፈጣሪ ነኝ አለ። ገብርኤል ግን «ንቁም በበህላዌነ» ብሎ አረጋጋቸው፤ አምላካችንን እስክናገኝ በያለንበት እንቁም ማለቱ ነው። ከሰው በፊት መላእክትም ምርጫ ቀርቦላቸው ነበር ማለት ነው።

በሌላ ወገን ጳውሎስ አለ። በሮሜ ምዕራፍ 7 የምወደውን በጎ ነገር አላደርግም፣ የማልወደውን ክፉ ነገር አደርጋለሁ ይላል። ሲጋራ ለማቆም አሥር ጊዜ የማለ ሰው ይኼን ያለ ትርጓሜ ይረዳዋል።

ጠቡ የተፋፋመው በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ «ያዘዝኸውን ስጠኝ፤ የወደድኸውን እዘዝ» ብሎ ይጸልይ ነበር። ሮም ይኖር የነበረው ብሪታንያዊው ጰላግዮስ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ትእዛዙን መፈጸሙም ከላይ የሚሰጥ ከሆነ ያልፈጸመው ሰው ምን አጠፋ? ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መልሱ ግን ሰው ያለ ጸጋ በራሱ አቅም ሊጸድቅ ይችላል ወደሚል ስለወሰደው በ418 እ.ኤ.አ. በካርታጎ ጉባኤ ተወገዘ። በ431 የኤፌሶን ጉባኤም የትምህርቱን ደጋፊዎች አወገዘ። ኤፌሶን ሲባል እኛ የምናስታውሰው ንስጥሮስን ብቻ ነው እንጂ ይህም ነበረበት።

የምሥራቅ አባቶች ግን አውግስጢኖስን እስከ መጨረሻው አልተከተሉትም። ውድቀቱ ፈቃድን አደከመው እንጂ አላጠፋውም ባይ ናቸው። ጸጋ ይቀድማል፣ ያግዛል፤ ሰውም እሺ ማለት አለበት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርትም በዚሁ መስመር ነው።

ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ያው ሲራክ አውሮፓ ላይ ጠብ አስነሣ። በ1524 የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ ስለ ነጻ ፈቃድ በጻፈው መጽሐፍ ከዋና ማስረጃዎቹ አንዱ የእሳትና ውኃው ክፍል ነበር። የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴን የጀመረው ማርቲን ሉተር በዓመቱ መለሰለት። ሲራክን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ መቀበል ባይኖርብኝም ለጊዜው ልቀበልልህ አለና ሙግቱን ቀጠለ። ለሉተር የሰው ፈቃድ እንደ ጭነት ከብት ነው። እግዚአብሔር ከተቀመጠበት እግዚአብሔር ወዳለው ይሄዳል፤ ሰይጣን ከተቀመጠበትም ሰይጣን ወዳለው። ጋላቢውን መምረጥ የከብቱ ሥልጣን አይደለም። በገንዘቡና በንብረቱ ጉዳይ ግን ሰው የፈለገውን መወሰን እንደሚችል ሉተርም አልካደም። ይኼ ብዙ ጊዜ ይዘለልበታል።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተለያየ። ካቶሊኮች በ1547 በትሬንት ጉባኤ ነጻ ፈቃድ በአዳም ውድቀት አልጠፋም ብለው ወሰኑ። የፕሮቴስታንቱ መምህር የካልቪን ተከታዮች በ1618 እና 1619 ሆላንድ ውስጥ ዶርት ላይ ተሰብስበው ሰው ጸጋን እምቢ ማለት ይችላል የሚለውን የአርሚንየስን ወገን አወገዙ። በፕሮቴስታንቶች መካከል ግን ክርክሩ አልተዘጋም፤ የኛዎቹ «ጴንጤዎች» ራሳቸው «የዳነ ሰው ይጠፋል ወይ?» በሚለው ላይ ሲሟገቱ መስማት ብርቅ አይደለም።

በዕለት ተዕለት ኑሯችን ግን ከሁሉም ትምህርት በላይ የሚሰማው «እድሌ ነው» ነው። «የተጻፈ አይቀርም» ይከተላል። ይህ ከሲራክም ከጳውሎስም አይገጥምም። ኃጢአት ሲሆን ደግሞ «ሰይጣን አሳስቶኝ» ይባላል። ንስሐ አባትም ይህን በትዕግሥት ያዳምጣሉ። ቀኖናውን ግን ለሰይጣን አይሰጡትም። ጾሙም ስግደቱም የተናዛዡ ነው።