ቁልቁለትን በከባድ ማርሽ መውረድ ሲባል
ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ መኝታና ማብሰያ የተገጠመለትን ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው «በከባድ ማርሽ ውረድ» የሚለውን ምክር በሚገባ ሊረዳው ይገባል። ከባድ ማርሽ የሚባሉት እንደ አንደኛና ሁለተኛ ያሉት ሲሆኑ፣ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ብዙዎችን የሚያደናግረው ሞተሩ ሲጮህ ነዳጅ የሚፈጅ መምሰሉ ነው፤ በዘመናዊ መኪኖች ግን በዚያን ጊዜ ወደ ሞተሩ የሚገባው ነዳጅ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቋረጥ፣ ለቁጠባ ተብሎ በዜሮ ማርሽ መንደርደር ትርፉ አደጋ ብቻ ነው። ፍሬንን ሳያቋርጡ መርገጥ ደግሞ የፍሬኑን ሸራ (ተጭኖ ጎማውን የሚይዘውን ክፍል) አግሎ የመያዝ ኃይሉን ያዳክመዋል። ስለዚህ ማርሹ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይቀየራል፤ ፍሬኑም ፍጥነት ሲጨምር ጠበቅ ተደርጎ ተረግጦ ፍጥነቱ እንደቀነሰ ይለቀቃል፤ የመቃጠል ሽታ ከመጣ ግን አመቺ ቦታ ላይ ቆሞ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው።