«ዱብ ዕዳ»፦ ሳይበደሩ የሚከፍሉት

ታኅሣሥ ነበር። እህሉ ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሯል። ሌባም ከብትም እንዳይደፍረው ማታ ማታ ሰው አጠገቡ ያድራል። ያን ዓመት ገጠር ሄጄ ስለነበር ከአያቴ ጋር ጭድ ላይ ጋቢ ተከናንበን ተኝተናል። እኩለ ሌሊት ገደማ አውድማው በአንድ ጊዜ ቦግ አለ። የክምሩ ጥላ መሬቱ ላይ ሲሮጥ አየሁት። ቀና ስል አረንጓዴ መሳይ የእሳት ኳስ ጭራውን እየጎተተ ሰማዩን ሰንጥቆ ሄደ። ሁለት ሦስት ቦታ ተቆራርጦ ጠፋ።

አያቴ አማተቡና «ከዱብ ዕዳ ሰውረን» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ተኙ። እኔ እስኪነጋ ዓይኔን አልከደንኩም።

በማግስቱ ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳ ሳስስ ዋልኩ። ኮከቡ እዚያ ወድቋል ብዬ ነዋ! ያገኘሁት አንድ ዝገት የበላው ማጭድ ብቻ ነው። ነገሩ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ከአጥቢያ ኮከብ በልጦ የደመቀ ተወርዋሪ ኮከብ «የእሳት ኳስ» ይባላል። ድንጋዩ ወደ ምድር አየር የሚገባው በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየከነፈ ነው። ከፊቱ ያለው አየር ተጨምቆ ይግላል፣ ድንጋዩም ቀልጦ ይተናል። መብራት የሚጀምረው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ከጋራው ጀርባ የወደቀ ይመስላል እንጂ ብዙ አገር አቋርጦ ነው የሚሄደው። አብዛኛው መሬት ሳይደርስ ያልቃል።

ታኅሣሥ ላይ መሆኑም ያለ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ከታኅሣሥ መጀመሪያ በኋላ ባሉት ቀናት ተወርዋሪ ኮከብ ይበዛል፤ የእኛ ሰማይም ያኔ ጥርት ያለ ነው። ነሐሴ ላይም እንዲሁ ይበዛል፤ ግን ክረምት ነው፣ ደመናው ይበላዋል።

ታዲያ አያቴ ምን ዱብ አለና ነው «ዱብ ዕዳ» ያሉት? ያን ሌሊት ድምፅ እንኳ አልሰማንም።

«ዱብ» ከድምፅ የተወለደ ቃል ነው። የበሰለ ፍሬ ከዛፍ ዱብ ይላል። ዝናብ ሲጀምር ጠብታው ዱብ ዱብ ይላል፤ እንባም እንደዚያው። ሳይጠሩት የመጣን እንግዳ «ከየት ዱብ አልክ?» እንለዋለን። ሁሉም ጋ የሚወድቀው ነገር ሳያስጠነቅቅ ይመጣል። ፍሬው ከመሬት ሲገናኝ ነው የምንሰማው፤ እስከዚያ ቅርንጫፉ ላይ መኖሩንም ልብ አላልነው ይሆናል።

ለእኔ ግን የአባባሉ ጉልበት ያለው «ዱብ» ላይ አይደለም፤ «ዕዳ» ላይ ነው። ከሰማይ የሚወርደውን ክፉ ነገር መብረቅ ማለት ይቻል ነበር። በረዶም ይሆናል። አበው ግን ዕዳ አሉት። መቅሠፍት ቢባል ቅጣት ነው፤ ላኪም ምክንያትም አለው። አደጋ ቢባል ደርሶ ያልፋል። ዕዳ ደርሶ አያልፍም። ይቀመጣል፣ ይወልዳል፣ ይጠየቁበታል። ዱብ ዕዳ ማለት እንግዲህ ሳይበደሩ ባለዕዳ መሆን ነው። ገንዘቡን አልበላህም፣ አልፈረምክም፣ ግን ከፋዩ አንተ ነህ።

«ዕዳ ከሜዳ» የሚባልም አለ። እሱ የመሬቱ ወንድም ነው። ሰው በሰላም ሜዳ ሲሄድ የሚገጥመው ጣጣ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ልገላግል ብለህ ጣቢያ ስታድር ማለት ነው። እሱ ላይ ቢያንስ በእግርህ ሄደህ ነው የገባህበት። ዱብ ዕዳ ግን ቤትህ ተኝተህ ያገኝሃል።

ቤት ተኝቶ ስል የአን ሆጅስ ነገር ይመጣብኛል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1954 በአሜሪካ አላባማ፣ ሲላኮጋ አጠገብ፣ ይህች ሴት ከምሳ ሰዓት በኋላ ሶፋ ላይ ጋደም ብላ ነበር። ጠራራ ቀን ቢሆንም የእሳት ኳሱ ከሩቅ አገር ታይቷል። ወደ 4 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ድንጋይ ጣራውን በስቶ ገባ፣ ትልቁን ሬዲዮ መትቶ ነጠረ፣ ከዚያ እሷን ጎኗ ላይ አረፈባት። አልሞተችም። ቆዳዋ ትልቅ ሰንበር አወጣ፤ ሐኪም አያት፣ ዳነች።

እስከዚህ ድረስ «ዱብ» ነው። ዕዳው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ድንጋዩን የአየር ኃይል ሰዎች ለምርመራ ወሰዱት። ባልና ሚስቱ ደግሞ ተከራዮች ነበሩ። አከራይዋ «ቤቱ የእኔ ነው፣ ጣራዬን የበሳው ድንጋይም የእኔ ነው» ብላ ጠበቃ ያዘች። እኛ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንላለን፤ እዚያ ሰማዩ ባይከሰስም የወደቀው ነገር አካሰሰ። ጉዳዩ ሲጓተት ከርሞ በመጨረሻ ለአከራይዋ 500 ዶላር ከፍለው ድንጋዩን አስቀሩ። ያኔ ግን ወሬው ቀዝቅዟል፣ ገዢም ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1956 ለአላባማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሰጡት። ሰንበሩ በሳምንታት ጠፍቶ ክርክሩና ግርግሩ ዓመት አለፈው። አያቴ ይህን ቢሰሙ «ምን አልኩህ» ይሉኝ ነበር።

የድምፁን ነገር ካነሳን፣ ዱብታው ዘግይቶ የሚመጣበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ፌብሩዋሪ 15 ጠዋት ሩሲያ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ 20 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ድንጋይ ፈነዳ። ከተማው ከፀሐይ በበለጠ ብርሃን ተጥለቀለቀ፤ ሰው ምንድነው ብሎ መስኮት ላይ ተለጠፈ። ድምፅ ከብርሃን በብዙ ስለሚዘገይ ግፊቱ የደረሰው ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። መስታወቱ ፊታቸው ላይ ረገፈ። ወደ 1,500 ሰው ቆሰለ፤ የሞተ የለም። ቀጥሎ የመጣው ሥራ በጥር ብርድ መስኮት የሌለውን ቤት ማሞቅ ነበር። ይቅርታ፣ የካቲት ነው፤ ለእነሱ ግን ያው ነው።

አባባሉን ስንናገር ግሱን ልብ በሉልኝ። «ዱብ ዕዳ ወረደብኝ» ነው የምንለው፤ «ወረደልኝ» አንልም። አማርኛ በአንዲት ፊደል ነው የሚፈርደው። ዝናብ ለገበሬው ይዘንብለታል፣ ልብስ ላሰጣችው ይዘንብባታል። ከላይ የሚወርደው መልካም ሲሆን ቃሉም ይቀየራል፤ ሲሳይ ይሆናል፣ መና ይሆናል። አሁን አሁን ወጣቱ ያልጠበቀው ብር ሲገባለት በቀልድ «ዱብ ዕዳ!» ሲል እሰማለሁ። ለቀልድ ይሁንለት። ዕዳውን ግን ወዴት እንደወሰደው አይገባኝም።

የሲላኮጋው ድንጋይ አንድ ብቻ አልነበረም። በማግስቱ እዚያው አካባቢ አንድ ገበሬ በቅሎ በጠመደው ጋሪ ሲሄድ በቅሎዎቹ መንገድ ላይ ካለ ጥቁር ድንጋይ ደነበሩ። ሰውዬው ከመንገድ ገፋ አድርጎት አለፈ። የሴትዮዋን ወሬ ሲሰማ ነው ተመልሶ ያነሳው። ሸጠው፤ በብሩም ቤትና መኪና ገዛ።