ውክልና ምንድን ነው? አብረው ለሚያረጁ ባልና ሚስት

ውክልና ማለት አንድ ሰው በሌላው ስምና ፋንታ ሥራ እንዲሠራ የሚሰጠው ሥልጣን ነው። ሰጪው ወካይ፣ ተቀባዩ ተወካይ ይባላል። እኛ አገር ውክልና ትዝ የሚለን ልጅ ዓረብ አገር ሲሄድ ወይም መኪና ሲሸጥ ነው። ለእርጅና ብሎ የሚወክል ሰው ጥቂት ነው።

ደብረ ማርቆስ አንድ ባንክ ውስጥ እንዳላችሁ አስቡ። ባልየው ስትሮክ መትቷቸው ቤት ተኝተዋል። ሚስት የእሳቸውን ደብተር ይዘው መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ገንዘብ ከፋይዋ፣ «እማማ፣ ሒሳቡ በእሳቸው ስም ነው፤ ውክልና ይዘዋል?» ትላለች። «ምን ውክልና! ባሌ እኮ ነው። ስንት ልጅ ወልጄለት!» ይላሉ። እናትየው እውነታቸውን ነው። ልጅቷም አልተሳሳተችም።

የቤተሰብ ሕግ የጋራ ሀብትን ባልና ሚስት አብረው ያስተዳድሩ ይላል፤ አንዱ ማስተዳደር ካቃተው ሌላው ብቻውን ይይዛል። ቤት ለመሸጥ ግን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ባንኩም በአንዱ ስም ብቻ ከተከፈተ ሒሳብ ለሌላው ዝም ብሎ አይከፍልም። ባለትዳር መሆን ብቻውን ውክልና አይሆንም።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በደፈናው «ወክዬዋለሁ» ተብሎ የተሰጠ ሥልጣን የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ንብረት መጠበቅ፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት። ሰብል መሸጥም እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ የዓመቱን ጤፍ ገበያ ማውጣት ችግር የለውም። ቤት መሸጥ፣ በመያዣነት ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ ፍርድ ቤት መክሰስና መከሰስ ግን ተለይቶ የተጻፈ ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ።

ብዙ አባቶች «ሳልሞት ልትወርሱኝ ነው?» ብለው ፊርማውን ይሸሻሉ። አይፈረድባቸውም፤ በውክልና ቤቱ የተሸጠበት ሰው ወሬ ሁሉም ጆሮ ደርሷል። መፍትሔው ግን ሥልጣኑን መጥኖ መስጠት ነው። «ከባንክ አውጥቶ ለሕክምናዬና ለቀለቤ ያውል፤ ቤቴን አይሽጥ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ወካይ ደግሞ ሐሳቡን ከቀየረ በማንኛውም ጊዜ መሻር ይችላል። ሲሽር ለተወካዩም ለባንኩም ማሳወቅ አለበት እንጂ በሆዱ ይዞ መቀመጥ አያዋጣም።

ሰዓቱን ማሳለፍ ግን አደጋ አለው። ወካዩ የሚፈርመውን የሚያውቅ መሆን አለበት። የመርሳት በሽታ ከጠና በኋላ እጁን ይዞ ማስፈረም ውክልና አይባልም። ያኔ ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ሄዶ ሰውየው ንብረቱን በራሱ እንዳያስተዳድር በፍርድ እንዲከለከልና ሞግዚት እንዲሾምለት መጠየቅ ነው። እሱ ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። በዚያ ላይ ሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ወይም የመወሰን ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል ይላል። ስለዚህ ሰነዱን ስታዘጋጁ «ችሎታዬን ባጣም ይጽና» የሚለውን ሐሳብ ከሕግ ባለሙያ ጋር ተነጋገሩበት።

ባልና ሚስት እርስ በርስ መወካከላቸው ጥሩ ነው። ግን ሁለቱም እኩል ነው የሚያረጁት! የሰማንያ ዓመት ሰው የሰማንያ ዓመት ሰው ወክሎ የትም አይደርስም። ከልጆች ወይም ከዘመድ ሁለተኛ ስም ጨምሩበት። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ብር ይልክ ይሆናል፤ ቢሮ ለቢሮ የሚሮጠው ግን ቡሬ ወይም ቢቸና አጠገባችሁ ያለው ነው። ወረቀቱም ሰነድ በሚያረጋግጠው ቢሮ ይመዝገብ። የገጠር መሬት ከሆነ በሁለታችሁም ስም የወጣውን የይዞታ ደብተር ይዛችሁ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጠይቁ፤ ለመሬት ክልሉ የራሱ ሕግ አለው።

ውክልና ኑዛዜን አይተካም። ከሞት በኋላ ያለውን የሚወስነው ኑዛዜ ነው። እዚህ ላይ የሚፋቀሩ ባለትዳሮች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ፤ ሁለቱ በአንድ ወረቀት አብረው ከተናዘዙ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። እሳቸው ለብቻ፣ እሷ ለብቻ ይናዘዙ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ከሆነ ደግሞ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።