የጤፍ ጭድ በቤትና በጓሮ

የጤፍ ጭድ ማለት ጤፍ ተወቅቶ ፍሬው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ቀጭን አገዳ ነው። ከድርቆሽ ጋር መምታታት የለበትም። ድርቆሽ ለከብት ተብሎ ታጭዶ የደረቀ ሣር ነው። የገብስና የስንዴ ጭድም ለቤት ሥራ ይውላል፤ ግን ሸካራ ነው፣ እጅ ይወጋል። በልስላሴው የጤፍን የሚያህል የለም።

ጭድን ከጭቃ ማዋሃድ ጥንታዊ ሙያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍራንዝ ኡንገር ግብፅ ውስጥ በዳህሹር ፒራሚድ ጡብ ላይ የጤፍ ፍሬ አገኘሁ ብሎ ነበር። ደስ የሚል ወሬ ነው። የኋላ ተመራማሪዎች ግን ፍሬው የጤፍ ዘመድ የሆነ የዱር ሣር ሊሆን ይችላል ብለው ተጠራጥረዋል። ጤፍ ራሱ የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ መሆኑ ግን ብዙም አያከራክርም።

የጭዱ ዋና ሙያ ጭቃ ቤት ላይ ነው። ቋሚው ቆሞ ማገሩ ከተመታ በኋላ አፈር ተቆፍሮ ውኃ ይጠጣል። ጭድ ይበተንበትና በእግር ይረገጣል። ከዚያ ለቀናት ይተዋል። ይህ ማቡካት ይባላል፤ እውነትም እንደ ሊጥ ይቦካል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጎረቤት ማን ቤት እየሠራ እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። ሲቦካ ጭዱ ይለሰልሳል፣ ጭቃውም ይጣበቃል። ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ተሰብስቦ ይሰነጠቃል። ጭዱ ግን እንደ ክር ሆኖ ያያይዘዋል።

መጀመሪያ ምርጊቱ በእጅ እየተጠፈጠፈ በእንጨቱ መሃል ይሞላል። ብዙ ጊዜ ይህ የደቦ ሥራ ነው። እሱ ደርቆ ስንጥቁን ካሳየ በኋላ ልስን ይከተላል። ለልስን የሚመረጠው ደቀቅ ያለ ጭድ ነው፤ ረጅም ጭድ ግድግዳው ላይ ፀጉር መስሎ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው በክረምት ይቀጣል። ጣሪያው አጭር ከሆነ ዝናብ የግድግዳውን እግር ይበላዋል። ያኔ ደግሞ ሌላ ጭቃ ማቡካት ነው።

ጎታና የጭቃ ምድጃም በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ።

ድሮ ፍራሽም ጭድ ነበር። ጆንያ ተሰፍቶ ይሞላል። የመጀመሪያው ሰሞን ያብጣል፣ ሲገላበጡበት ይንኮሻኮሻል። ቆይቶ መሃሉ ይጎደጉዳል። ፀሐይ ካልመታው ቁንጫና ትኋን ቤቱን ይሠራበታል። ስፖንጅ ሲመጣ ብዙ ሰው አልናፈቀውም።

ጓሮ ውስጥ ለምትታቀፍ ዶሮ ከጭድ የተሻለ ጉዝጓዝ የለም። ቅርጫቱ ውስጥ ወፈር ተደርጎ መሃሉ ይጎደጎዳል፤ እንቁላሎቹ እንዳይንከባለሉ። ለ21 ቀን እዚያው ናት፣ ስለዚህ ጭዱ ደረቅ መሆን አለበት። እንቁላል ገበያ ሲወጣም በጭድ መሃል ይደረደራል። ያልበሰለ አቮካዶም ጭድ ውስጥ ይቀበራል። ሙቀቱን ስለሚይዝ ቶሎ ይበስላል።

ለቤት ሥራ ጭድ የሚፈልግ ሰው ተፎካካሪው ላም ናት። በበጋ ዋና ቀለቧ እሱ ነው፤ ደህና ጭድ ያለው ገበሬም ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሷ ነው። ዝናብ መትቶት የጠቆረና የሻገተው ይለይና ለምርጊት ይሄዳል። መበስበሱ እንደሆነ አይቀር።