ሮማንታሲ፦ ምናባዊ የፍቅር ልብ ወለድና የአንባቢዎቹ ኮከብ አሰጣጥ

ሮማንታሲ የፍቅር ታሪክንና ምናባዊውን ዓለም፣ ማለትም ዘንዶውን፣ አስማቱንና የተረት ነገሥታቱን፣ አንዱን ከሌላው ሳያስበልጥ የሚያዋህድ የልብ ወለድ ዘውግ ነው። ስሙ «ሮማንስ» እና «ፋንታሲ» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የተዳቀለ ነው። ብሉምስበሪ የተባለው አሳታሚ እንዳስፋፋው ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ይሁንና አንባቢዎች ከዚያ ቀደም ብለው ሳይጠቀሙበት አልቀሩም። ታሪኩ በጠፈር መርከብ ወይም በሌላ ፕላኔት ላይ ሲሆን ሳይንሳዊ የፍቅር ልብ ወለድ ይባላል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960ዎቹ አን ማካፍሬ ፍቅርንና ጠፈርን አገናኝታ ጽፋለች። የአሁኑ ማዕበል የሚቆጠረው ግን ከ2015 ነው። በዚያ ዓመት የሳራ ጄ. ማስ የተረት ነገሥታት ተከታታይ የመጀመሪያ ቅጽ ወጣ፤ ሩቢ ዲክሰንም የበረዶ ፕላኔት ታሪኳን ያለ አሳታሚ፣ በራሷ አሳትማ ለቀቀች። ትልቅ አሳታሚ የዲክሰንን መጽሐፍ ያነሳው በ2021 ነው። አንባቢው ቀድሞ አውቆት ነበር።

ዘውጉ የማይደራደርበት አንድ ደንብ አለው። በ1980 የተመሠረተው የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፍት ማኅበር ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የታሪኩ እምብርት ፍቅር ይሁን፣ መጨረሻውም ተስፋ ያለውና አንጀት የሚያርስ ይሁን። በዚህ ሚዛን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዘውጉ ውጭ ነው፤ ርእሱ ብቻ ያስጥለዋል። ማኅበሩ «ሪታ» የሚባል ሽልማት ይሰጥ ነበር። በ2019 መጨረሻ በተነሳ የዘር መድልዎ ውዝግብ ሽልማቱ ቀረ፤ ማኅበሩም በ2024 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ዳኝነቱ በአብዛኛው ወደ አንባቢው እጅ ገብቷል። ዋናው አደባባይ ጉድሪድስ ነው፤ አንባቢዎች ለመጻሕፍት ኮከብና አስተያየት የሚሰጡበት፣ በ2007 ሥራ የጀመረና በ2013 አማዞን የገዛው ድረ ገጽ። አምስት ኮከብ አለው፤ ትርጉማቸው ግን ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። አንድ ኮከብ «አልወደድኩትም»፣ ሁለት «ደህና ነው»፣ ሦስት «ወድጄዋለሁ» ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት የሰጠ ሰው እያመሰገነ ነው፤ ደራሲው ግን ሲያየው ይከፋዋል። ግማሽ ኮከብ ስለሌለ አንባቢው አስተያየቱን «3.5፣ ወደ 4 ከፍ አድርጌዋለሁ» ብሎ ይጀምራል። በናዲያ ኦዱናዮ የተሠራው ተፎካካሪው ስቶሪግራፍ ግን ሩብ ኮከብ ድረስ ይፈቅዳል። አንባቢዎች ከኮከቡ ጎን ቃሪያም ይጠቀማሉ፦ የመኝታ ቤቱ ትዕይንት ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ ከአንድ እስከ አምስት ቀይ ቃሪያ ይለካል። እኛ ብንሆን በሚጥሚጣ እንለካው ነበር።

2023 ለብቻው ሊወሳ ይገባዋል። በግንቦት የሬቤካ ያሮስ የዘንዶ ጋላቢዎች ልብ ወለድ «ፎርዝ ዊንግ» ወጣ። የመጀመሪያው እትም የገጾቹ ጠርዝ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነበር፤ በቲክቶክ ላይ ከታሪኩ እኩል የታየው ያ ጠርዝ ነው። ሁለተኛው ቅጽ በዚያው ኅዳር ተከተለ። ጉድሪድስም በዓመታዊ ምርጫው ላይ ሮማንታሲ የሚል ምድብ ከፈተ። ከዚያ በፊት የማስ መጻሕፍት ከ2020 እስከ 2022 ሦስት ዓመት በተከታታይ የፋንታሲውን ምድብ ወስደዋል፤ ምድቡ የተለየውም ሌሎቹ እንዲተነፍሱ ይመስላል። የመጀመሪያው አሸናፊ ያሮስ፣ የ2024ቱ ማስ ሆኑ። በዚያው 2023 ታኅሣሥ አንዲት ጀማሪ ደራሲ በሐሰት ስሞች ገብታ ለሌሎች ጀማሪዎች መጻሕፍት አንድ አንድ ኮከብ ስትሰጥ ተደረሰባት። ያጋለጧት ሌሎች ደራሲዎችና አንባቢዎች ናቸው፤ አሳታሚዋም ገና ያልወጣውን መጽሐፏን ሰረዘ።

የያሮስ ሦስተኛ ቅጽ በጥር 2025 ሲወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ከ2.7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ሳይንሳዊው ዘርፍ እስካሁን በጉድሪድስ ምርጫ የራሱ ምድብ የለውም።