የቆሻሻ ሽግሽግ ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ቤቱ ሲቀመጥ መጣያው ለምን ይሞላል?

ኮሮና ሰውን ቤቱ ባስቀመጠበት ሰሞን የቤት ቆሻሻ መጣያ ቶሎ ቶሎ ጢም ይል ጀመር። ካርቶን በበር ጥግ ተከመረ። ብዙ ሰውም ራሱን ታዘበ፤ «ቁጭ ብለን እየበላን፣ ቁጭ ብለን እያዘዝን ነው» አለ። ነገሩ ትንሽ እውነት አለበት። ከመጣያው መሙላት ጀርባ ያለው ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ቆሻሻ ድሮም ነበረ፤ አድራሻውን ነው የቀየረው።

የቆሻሻ ሽግሽግ የምለው ይሄንን ነው። በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በሆቴልና በምግብ ቤት ይጣል የነበረው ነገር፣ ሰዎቹ ከነዚያ ቦታዎች ሲቀሩ አብሯቸው ቤት ይገባል። አንድ ሠራተኛ በሥራ ቀን ነቅቶ ከሚያሳልፈው ሰዓት ብዙውን ውጭ ነው የሚያሳልፈው። ምሳውን እዚያ ይበላል። እጁን ያደረቀበትን ወረቀት እዚያ ይጥላል። የጠጣበትን ጠርሙስ እዚያ ትቶ ይወጣል። ይሄ ሁሉ የእሱ ቆሻሻ ነው፤ ሌላ ሰው መጣያ ውስጥ ስለሚቀር ብቻ አያየውም። ከቤት አትውጣ ሲባል አየው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ወረርሽኝ ብሎ የጠራው ማርች 11 ቀን 2020 ነበር (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ሰሞን የሰሜን አሜሪካ የደረቅ ቆሻሻ ማኅበር ከመኖሪያ ቤቶች የሚነሳው ቆሻሻ በአማካይ 20 በመቶ ገደማ እንደጨመረ ገመተ። ከንግድ ቤቶችና ከቢሮዎች የሚነሳው ደግሞ በተቃራኒው አሽቆለቆለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላስቀመጠ ሰው ግማሹን ታሪክ ብቻ ነው የሚያየው።

ታዲያ ቦታ ቢቀይር ምን ችግር አለው? ቆሻሻ ያው ቆሻሻ አይደል?

አይደለም። ቆሻሻ የሚጠቅም ወይም የሚጎዳ የሚሆነው በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በንጽህናውም ነው። አንድ ትልቅ መደብር በቀን የሚያወጣው ካርቶን አንድ ዓይነት ነው። ደረቅ ነው፣ ንጹህ ነው፣ እዚያው በማሽን ተጨምቆ ይታሰራል። መኪና መጥቶ ከአንድ በር ላይ ጭኖ ይሄዳል። ያው ካርቶን በብዙ መቶ ቤቶች ሲበተን ግን ዘይት ይነካዋል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ከምግብ ትርፍራፊ ጋር ይቀላቀላል። መኪናው ደግሞ በየበሩ መቆም አለበት። በ2020 ከማርች እስከ ሜይ ባሉት ወራት በአሜሪካ የታየው ነገር የሚገርም ነው። ሰዎች ቤት ውስጥ ካርቶን ሞልቶ መፈናፈኛ አጥተዋል፤ የወረቀት ፋብሪካዎች ደግሞ ያገለገለ ካርቶን አጥሯቸው ዋጋው ተሰቅሏል። ካርቶኑ ከዓለም አልጠፋም። ፋብሪካዎቹ ከለመዱት የንግድ መንገድ ወጥቶ፣ መልሶ ለመሰብሰብ አስቸጋሪ ወደሆነው ወደ ቤት ገብቶ ነው።

ሽግሽጉ በመጣያ ብቻ አልቆመም። ሱቅ መደርደሪያ ላይም ታይቷል። የሶፍት ወረፋና ግፊያ ትዝ ይላችኋል? ያኔ ሁሉም «ሰው አበደ» ብሎ ስቆ ነበር። በድንጋጤ እየገዛ ያከማቸ ሰው እንደነበረ አይካድም። ግን አንድ የአሜሪካ የሶፍት አምራች፣ ጆርጂያ ፓሲፊክ፣ ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ቤት ከዋለ የቤት ፍጆታው በ40 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አስልቶ ነበር። መጸዳጃ ቤት መሄድ አልጨመረም መቼም። ድሮ በቢሮና በትምህርት ቤት ሶፍት ይጠቀም የነበረው ሰው ቤቱ መጠቀም ጀመረ ማለት ነው። የቢሮው ሶፍት ደግሞ ሌላ ምርት ነው። ጥቅሉ ትልቅ ነው፣ ወረቀቱ ስስ ነው፣ በሌላ ማሽን ይመረታል፣ በሌላ ነጋዴ በኩል ይሸጣል። ስለዚህ አንዱ ጋ መጋዘን ሞልቶ ሌላው ጋ መደርደሪያው ባዶ ሆነ።

የዱቄቱ ታሪክ ከዚህም ይብሳል። በብሪታንያ ከሚመረተው ዱቄት በሱቅ በኩል ለቤት የሚሸጠው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በጅምላ ወደ ዳቦ ቤትና ወደ ምግብ ፋብሪካ ይሄዳል። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ጋጋሪ ሲሆን ወፍጮዎቹ ዱቄት አላጡም። ያነሰባቸው በትንንሽ ከረጢት የሚያሽገው መሥመር ነው። ቀንና ሌሊት ቢሠሩም ከዚያ ማለፍ አልቻሉም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን የወተቱ ነገር ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ምግብ ቤቶች ሲዘጉ ገበሬዎች ወተት መሬት ላይ ይደፉ ጀመር። ትልቁ የወተት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር በኤፕሪል 2020 የሚደፋውን በቀን 14 ሚሊዮን ሊትር ገደማ አድርጎ ገምቶታል። በዚያው ሰሞን ሱቆች «ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ አይሸጥም» የሚል ወረቀት ወተት ላይ ይለጥፉ ነበር። ይሄ ሁሉ ብክነት በማንም ቤት መጣያ ውስጥ አይታይም።

እዚህ ላይ ስለ ምግብ ትንሽ ላቆያችሁ፤ ምክንያቱም የብዙ ሰው ግምት የከሸፈው እዚህ ነው።

ሰው ያለቅጥ ገዝቶ ካከማቸ ብዙ ይበላሻል፣ ብዙ ይጣላል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ብሪታንያ ውስጥ የምግብ ብክነትን የሚከታተለው ራፕ የተባለ ተቋም ሰዎችን ሲጠይቅ ተቃራኒውን አገኘ። የሚከታተላቸው አራት ምግቦች ድንች፣ ዳቦ፣ ዶሮና ወተት ናቸው። ሰዎች ራሳቸው የተናገሩት የብክነት መጠን በኖቬምበር 2019 ከነበረበት 24 በመቶ በኤፕሪል 2020 ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ። ሰው ስለራሱ ሲጠየቅ ትንሽ እንደሚያሳምር ይታወቃል። ያም ሆኖ ይሄን ያህል መውረድ በማሳመር ብቻ አይመጣም።

ለምን ወረደ? ምክንያቶቹ ተራ ነገሮች ናቸው። ሱቅ መሄድ ራሱ ስለሚያስፈራ ሰው ከመውጣቱ በፊት ቁምሳጥኑንና ፍሪጁን ይፈትሻል። ዝርዝር ይጽፋል። የተረፈውን ነገ ይበላል፤ ነገም ቤት ነዋ! ዛሬ በድንገት «ውጭ እንብላ» የሚል ጓደኛ የለም፤ ስለዚህ የተገዛው አትክልት ፍሪጅ ውስጥ ተረስቶ አይጠወልግም። ይሄ የመጨረሻው ምክንያት ብዙ የሚወራለት ባይሆንም፣ ለእኔ ትልቁ እሱ ይመስለኛል። በየቤቱ ምግብ የሚበላሸው በአብዛኛው ዕቅድ ሲፈርስ ነው። በእንቅስቃሴ ገደብ ጊዜ ደግሞ የሚፈርስ ዕቅድ አልነበረም።

በጁን 2020 ገደቡ ሲላላ ያው ቁጥር ተመልሶ ወደ 18 በመቶ ተጠጋ። ሰው በሁለት ወር ውስጥ ግዴለሽ ሆኖ አይደለም። ጊዜው ነው ከእጁ የወጣው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ ገና ወረርሽኙ ሳይመጣ በ2019 ዓለም ላይ 931 ሚሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚህ ውስጥ 61 በመቶው ከቤት ነው። ስለዚህ የቤት ኑሮ ሲለወጥ የምግብ ብክነት መነቃነቁ አይገርምም።

ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ታሪኩ ወደ ኋላ ተመለሰ። ከወረርሽኙ በፊት ብዙ ከተሞች ፌስታልን ለመገደብ ሲታገሉ ነበር። ፍርሃት ሲመጣ መጀመሪያ የተሠዋው ይሄ ትግል ነው። ስታርባክስ ገና በማርች 2020 መጀመሪያ ደንበኛ ከቤቱ ይዞት በመጣው ኩባያ መቅዳት አቆመ። ካሊፎርኒያ በኤፕሪል የፌስታል እገዳዋን ለ60 ቀን አነሳች። እንግሊዝ የፕላስቲክ ስትሮ እገዳዋን ከኤፕሪል ወደ ኦክቶበር ገፋች። ለዚህ አንዱ ምክንያት ቫይረሱ ዕቃ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ጥያቄ ነበር። በማርች 2020 የወጣ የቤተ ሙከራ ጥናት ቫይረሱ ካርቶን ላይ እስከ 24 ሰዓት፣ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ እስከ 72 ሰዓት ተገኝቷል አለ። ልብ በሉ፤ ረጅም የቆየው ፕላስቲኩ ላይ ነው። ሰው ግን ለጥንቃቄ ብሎ የሸሸው ወደዚያው ወደ ፕላስቲክ ነው፣ አንዴ ተጠቅሜ እጥለዋለሁ በሚል። ከዓመት በኋላ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድል በአንድ ንክኪ በአጠቃላይ ከ10,000 አንድ እንኳ እንደማይሞላ አስታወቀ። እስከዚያ ግን ስንቱ የታሸገ ዕቃ በሳኒታይዘር ታጠበ!

ሌላው ምክንያት ብዙ አይነሳም፤ ነዳጅ ነው። ፕላስቲክ የሚሠራው በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ ነው። በኤፕሪል 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የወደፊት ግብይት ዋጋ (ወደፊት ለመረከብ ዛሬ የሚዋዋሉበት ዋጋ) ከዜሮ በታች ወረደ። ነዳጅ ሲረክስ አዲስ ፕላስቲክ ይረክሳል። ያገለገለውን ሰብስቦ፣ አጥቦ፣ አቅልጦ መልሶ መሥራት ደግሞ ወጪው አይቀንስም። ነጋዴው የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

ስለ ማስክም ልበል። መንገድ ላይ የወደቀ ማስክ የዚያ ዘመን ምልክት ሆኖ ቀርቷል። ነገር ግን በ2021 መጨረሻ የታተመ አንድ ጥናት 193 አገሮችን አይቶ፣ ከወረርሽኙ ጋር የመጣው የፕላስቲክ ቆሻሻ እስከ ኦገስት 2021 ድረስ ከ8 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው ብሎ ገመተ። ከዚህ ውስጥ 87 በመቶ ገደማው የሆስፒታል ነው። ግለሰቦች የተጠቀሙበት ማስክና ሌላ መከላከያ 8 በመቶ ገደማ፣ የኦንላይን ግዢ ማሸጊያ ደግሞ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዓይናችን ያየውና ሚዛኑ የሚለው ሁሌ አይገጥሙም።

ማስክ ቤት ውስጥ ሲጣል ክብደቱ ትንሽ ቢሆንም ጣጣው ትንሽ አልነበረም። ከወረርሽኙ በፊት ጓንትና ያገለገለ መርፌ በአብዛኛው የሆስፒታል ነገር ነበር፤ ለብቻው ተይዞ ይቃጠላል። በሽተኛው ቤቱ ሲተኛ የህክምና ቆሻሻም አብሮት ቤት ገባ። ጣሊያን በቫይረሱ የተያዘ ሰው ያለበት ቤት ቆሻሻ መለየቱን ትቶ ሁሉንም በድርብ ከረጢት አስሮ እንዲጥል አዘዘች። ብሪታንያ እንዲህ ያለው ከረጢት ከመውጣቱ በፊት 72 ሰዓት ይቆይ አለች። ለጤና ተገቢ ነበር። መልሶ ለመጠቀም ይለይ የነበረው ግን ከዚያ ቤት ቀረ። በብዙ አገሮች ደግሞ ቆሻሻን የሚለየው ማሽን አይደለም፣ በእጁ እየለቀመ የሚኖር ሰው ነው። ያ ሰው ቤት ተቀመጥ ሲባል ገቢው ይቆማል፣ ሲወጣ ደግሞ የማያውቀውን ከረጢት በባዶ እጁ ይከፍታል።

እንግዲህ አሁንም በየጊዜው «የቤት ቆሻሻ በዚህን ያህል በመቶ ጨመረ» የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ከቤት መሥራት በብዙ ቦታ ስለቀጠለ ሽግሽጉም በከፊል ቀጥሏል። ቁጥሩን ስታዩ መጀመሪያ የንግድ ቤቱ ቆሻሻ አብሮ ተቆጥሯል ወይ በሉ። እሱ በዚያው ልክ ከቀነሰ የከተማው ጠቅላላ ምንም አልጨመረም ይሆናል። ቀጥሎ በኪሎ ነው ወይስ በመያዣ ብዛት የተለካው በሉ። ያልታጠፈ ካርቶን መጣያ ይሞላል እንጂ ሚዛን ላይ እምብዛም አይታይም፤ የምግብ ትርፍራፊ ደግሞ በትንሽ ቦታ ብዙ ይመዝናል። በመጨረሻም ልኬቱ የየትኛው ወር እንደሆነ እዩ። በገደቡ የመጀመሪያ ሳምንታት ብዙ ሰው ቁምሳጥኑንና ዕቃ ቤቱን አራግፏል። ያ ቆሻሻ የዓመታት ክምችት ነው። የዚያን ወር ቁጥር ወስዶ በአሥራ ሁለት ማባዛት አይቻልም።