ሚንጊ ምንድን ነው?

ሚንጊ በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት የሐመር፣ የበና እና የካራ ሕዝቦች አንድን ሕፃን «ርኩስ ነው፤ በመካከላችን ካደገ መዓት ያመጣብናል» ብለው የሚለዩበት እምነት ነው። የተለየው ልጅም ራሱ ሚንጊ ይባላል። ሚንጊ የተባለ ልጅ ከሰፈር ወጥቶ ጫካ ይጣላል፤ ወንዝ ዳር ያሉት ደግሞ ኦሞ ወንዝ ውስጥ ይወረውሩት ነበር። የድሮ ወሬ አይደለም። ካራዎች በይፋ ያስቀሩት በ2004 ዓ.ም. ነው፤ በሐመርና በበና በኩል ደግሞ ጨርሶ ጠፍቷል ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም።

አንድን ልጅ ሚንጊ የሚያሰኙት ምክንያቶች ከቦታ ቦታ ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ። ዋናዎቹ ግን የታወቁ ናቸው። ያላገባች ልጃገረድ ከወለደች ልጁ ሚንጊ ነው። ባልና ሚስት በወጉ ተጋብተው እንኳ፣ ሴቲቱ ከመፅነሷ በፊት ሊፈጸም የሚገባው የቡራኬ ሥርዓት ካልተፈጸመ የሚወለደው ልጅ ሚንጊ ነው። መንታ መውለድም በሚንጊነት ይቆጠር ነበር። አራተኛው፣ ለሰሚው ሁሉ የሚከብደው፣ የጥርስ ሚንጊ ነው፤ የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን።

የጥርሱን ነገር ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የሕፃን የታችኛው የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ ብቅ ይላል፤ የላይኛው ደግሞ ከ8 እስከ 12 ወር። ሁለቱ ጊዜያት ይደራረባሉ። ስለዚህ ከብዙ ሕፃናት መካከል የጥቂቶቹ የላይኛው ጥርስ ቀድሞ ቢወጣ የሚያስገርም ነገር የለውም፤ የበሽታ ምልክትም አይደለም፣ ከወላጆቹ ጠባይም ጋር አይገናኝም። ጥርስ የሚያበቅል ልጅ ግን ትናንት የተወለደ ጨቅላ አይደለም። ሰባትና ስምንት ወር ጡት ጠብቷል፤ እናቱን ለይቶ ያውቃል፤ ይስቃል፤ ምናልባት መዳህ ጀምሯል። እናት በየዕለቱ የልጇን ድድ በጣቷ ስትዳስስ ከላይ ይሁን ከታች የሚያብጠው ብላ የምትፈልገው የሞቱን ወይም የሕይወቱን ፍርድ ነው። በብዙዎች ምስክርነት ልጁን የሚወስዱት ሽማግሌዎች ወይም እነሱ የላኳቸው ሰዎች ናቸው፤ እናት እንድትወስን አትጠየቅም፣ እሺታዋም አይጠበቅም። እናቶቹ ጨካኞች ባይሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደረግም ነበር የሚል አሳብ ያላቸውን ሰዎች ስመለከት፣ ጉዳዩን ገና ከጅምሩ እንደሳቱት ይሰማኛል። የጭካኔ ጉዳይ አይደለም፤ የፍርሃት ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ? በሐመሮች እምነት ውስጥ ባርጆ የሚባል ነገር አለ። ባርጆ እንደ ሀብት፣ እንደ ጤና፣ እንደ በረከት ያለ ነው፤ ዝናቡ በጊዜው የሚዘንበው፣ ማሽላው የሚያፈራው፣ ከብቱ የሚረባው፣ ልጅ የሚያድገው ባርጆ ሲኖር ነው። ደግሞም ዝም ብሎ የሚገኝ አይደለም፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የቡና ገለባ የተፈላበትን በቅል ይዘው፣ እንትፍ እያሉ በመመረቅ ይጠሩታል። ቢታ የሚባሉት የሥርዓቱ ባላባቶችም ይህን የመጠበቅ ኃላፊነት አለባቸው። ሚንጊ የባርጆ ተቃራኒ ነው። ርኩሰቱ በአንዱ ቤት አይቀርም፤ ዝናቡን ይከለክላል፣ በሽታ ያስገባል፣ ከብት ይፈጃል ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ ይህ ሕዝብ የሚኖረው ዝናብ አንድ ወቅት ቢዛነፍ ረኃብ በሚገባበት ቆላ ነው። ካራዎችማ በቁጥር ከኢትዮጵያ ትንንሽ ሕዝቦች አንዱ ናቸው፤ ከኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ውሃው ሞልቶ ሲመለስ ጥሎት በሚሄደው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ወንዙ ካልሞላ እህል አልነበረም። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ሰው «የኔን ልጅ ደብቄ ላሳድግ» ቢል፣ በጎረቤቶቹ ዓይን መንደሩን በሙሉ ለሞት እንደሰጠ ይቆጠራል። በዚያው ዓመት ድርቅ ከመጣ ደግሞ ማስረጃው ተገኘ ማለት ነው። ሚንጊው ተጥሎ ዝናብ ከዘነበም ማስረጃ ነው። እምነቱ በየትም በኩል ቢሄዱ ራሱን የሚያረጋግጥበት መንገድ አያጣም፤ ለዚህ ነው በክርክር ብቻ የማይናደው።

ነገሩ የኦሞ ሰዎች ብቻ የተለየ ክፋት እንዳልሆነ ማወቅም ተገቢ ነው። በሰሜን ቤኒን የባሪባ ሕዝብ ዘንድ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ወይም በእግሩ የተወለደ ልጅ ጠንቋይ ነው ይባል ነበር። በሰሜን ጋና አካል ጉዳት ይዘው የሚወለዱ ልጆች «የመንፈስ ልጅ» እየተባሉ ይገደሉ ነበር። በናይጄሪያ ካላባር አካባቢ ደግሞ መንታ ልጆች ሲጣሉ ኖረዋል። ደገኛውም ቢሆን ንጹሕ ነኝ ማለት አይችልም። እናቱ በወሊድ የሞተችበትን ወይም ሲወለድ አባቱ ያረፈበትን ልጅ «ገፊ» ብለን ያሳደግን ሰዎች ነን፤ ያለ ጋብቻ የተወለደውን «ዲቃላ» እያልን ከርስትም ከሠርግ ቤትም ገፍተናል። አልገደልንም፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ማሳነስ አይገባም። ግን የአሳቡ ሥር አንድ ነው፤ አዋቂዎች ያፈረሱትን ሥርዓት ወይም የደረሰባቸውን መከራ ዕዳ አድርጎ በልጅ ላይ መጻፍ።

ሕጉስ ምን ይላል? በወረቀት ላይ ያለው ነገር ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 እያንዳንዱ ሕፃን በሕይወት የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ይናገራል፤ ይህ አንቀጽ ለአዲስ አበባው «ዲቃላ» የተጻፈውን ያህል ለሐመሯ ልጃገረድ ልጅም የተጻፈ ነው። አንቀጽ 39 ለብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ባህላቸውን የማዳበር መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 9 ግን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ልማዳዊ አሠራር ተፈጻሚነት የለውም ብሎ ወሰኑን ያሰምራል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርንም አጽድቃለች፤ ቻርተሩ የልጅን ሕይወትና ጤና የሚጎዱ ልማዶችን መንግሥታት እንዲያስቀሩ በአንቀጽ 21 ያስገድዳል።

ወደ 1996ቱ የወንጀል ሕግ ስንመጣ አንድ የሚያሳስብ ነገር እናገኛለን። ሕጉ ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። አንቀጽ 561 በሕፃን ላይ ሞት የሚያስከትሉ ልማዶችን በስም ይዘረዝራል፤ እንጥል መቁረጥ፣ የወተት ጥርስ መንቀል፣ አራስ ልጅን ቅቤ ማዋጥ፣ ፀሐይ እንዳያይ መከልከል። ቅጣቱ መቀጮ ወይም ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ነው። ሚንጊ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሕግ አርቃቂዎቹ የሚያውቁትን ጎጂ ልማድ ጻፉ፤ የሚያውቁት ደግሞ በአብዛኛው የደጋውን ነበር። ይህ ማለት ሚንጊ ወንጀል አይደለም ማለት አይደለም። ይልቁንም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ግድያ ስለሆነ በሰው መግደል ድንጋጌዎች ሥር ይወድቃል፤ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በአንቀጽ 539 ከበድ ካለም ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል። ዳኛ ደግሞ ተከሳሹ በቅን ልቦና መብት አለኝ ብሎ በመሳሳት እንዳደረገው ካመነ በአንቀጽ 81 መሠረት ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል።

ሆኖም ሕጉ ለብዙ ዘመን ያንን ወንዝ ዳር አልደረሰበትም። መንገድ ስለሌለ ብቻ አይደለም። ወንጀል የሚከሰሰው ሟች መኖሩ ሲታወቅ፣ ከሳሽ ሲቆም፣ ምስክር ሲናገር ነው። እዚህ ሟቹ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈም፤ በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ራሱ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከሳሽ ሊሆኑ የሚገባቸው ወላጆች ፍርዱን ተቀብለዋል ወይም ተሸንፈዋል። ምስክር የሚሆነው ጎረቤት መንደሩ እንደዳነ ያምናል። ፖሊስ መጥቶ አንድ ሽማግሌ ቢያስርስ? የሚቀጥለው ልጅ በድብቅ ይጣላል እንጂ አይተርፍም። እርጉዟ ልጃገረድም ገና ሳይታወቅባት በየጫካው ሥራ ሥር እየበላች ሕይወቷን አደጋ ላይ ትጥላለች። እምነት በቅጣት ብቻ ሲገፋ የሚሸሸው ወደ ጨለማ ነው።

በካራ የሆነው ለዚህ ነው ትኩረት የሚገባው። ላሌ ላቡኮ የካራ ተወላጅ ነው፤ ከሕዝቡ መካከል ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ። እሱ ራሱ እንደተናገረው፣ ከእሱ በፊት የተወለዱ ሁለት እኅቶቹ ሚንጊ ተብለው መገደላቸውን የሰማው ጎረምሳ ከሆነ በኋላ ነበር። ከእኩዮቹ ጋር ሆኖ ሚንጊ የተባሉ ልጆችን ከመገደላቸው በፊት ከሽማግሌዎች እየለመነ መቀበል ጀመረ፤ ከአሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ከጆን ሮው ጋር ኦሞ ቻይልድ የሚባል ድርጅት አቋቁሞም ልጆቹን ጂንካ ላይ ማሳደግ ቻለ። ለሽማግሌዎቹ ያቀረበላቸው ሐሳብ ብልህነት ያለው ነበር። «እምነታችሁ ውሸት ነው» አላላቸውም። ልጁ ከመንደሩ መውጣት አለበት ካላችሁ እኔ አወጣዋለሁ፤ እርግማኑንም እኔ እሸከማለሁ አለ። እምነቱ የሚጠይቀው የልጁን መራቅ እስከሆነ ድረስ፣ መራቅ ያለ ሞት እንዲሆን በር ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ፣ መንደሩም አልጠፋም። በ2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ሚንጊ መቅረቱን በራሳቸው አንደበት አወጁ። ሕጉ ከጀርባ ነበር፤ መንግሥትም ይገፋ ነበር። ቃሉን የተናገሩት ግን «ይህ ልጅ ርኩስ ነው» የማለት ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሰው ሰማቸው። በጋናም የካሴና ናንካና አለቆች በፈረንጆቹ 2013 ያደረጉት ይህንኑ ነው።

እኔ ከዚህ የማነበው ሕግ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ሕጉ ባይኖር ኖሮ ላሌም ሆነ ሌላው ወጣት ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ሲናገር ከኋላው የሚደግፈው ነገር ባልኖረም። ሕጉ ልጁ ሰው ነው፣ መብት አለው ይላል፤ እምነቱን ግን ከሥልጣኑ የሚያወርደው ሌላ ነው። ሐመርና በና ከካራ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ፣ በሰፊ አገር የተበተኑ ሕዝቦች ናቸው፤ አንድ ቀን ተሰብስቦ በአንድ ቃል ማስቀረት ለእነሱ ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው በዚያ በኩል ለውጡ በየመንደሩ፣ በየቢታው፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በትምህርት ቤት በኩል ቀስ እያለ የሚሄደው።

ከሞት የተረፉት ልጆች ደግሞ ራሳቸውን የቻለ ጥያቄ ይዘው አድገዋል። በሐመር ሥርዓት ወንድ ልጅ ከብት ሳይዘል፣ ማለትም በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሳይሮጥ፣ አያገባም። ለከብት ዝላይ ደግሞ ወገን ያስፈልጋል፤ የሚመርቅ ሽማግሌ፣ የምትገረፍለት እኅት፣ ከብት የሚያቀርብ ዘመድ ማለት ነው። ከመንደር ወጥቶ ከተማ ያደገ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ ይህን ሁሉ የሚያቆምለት ማን ነው? ያለ ሥርዓቱ ቢያገባና ቢወልድ፣ በአሮጌው ሕግ የሚወለደው ልጅ እንደገና ሚንጊ ይሆናል። መሬትና ከብት የሚወርሰውስ ከየትኛው አባት ቤት ነው? ሕገ መንግሥቱ እኩል መብት አለው ይላል። ያንን ክፍፍል ተቀምጠው የሚያደርጉት ግን እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልጁም መብቱን ለመጠየቅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እነሱ ጥላ ሥር ነው።